ከወፍጮው በላይ ያለችው ቤት

ጠይባ ከድሩ ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ሱቅ እንበላት እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅባት ጠባብ ነገር ናት። ያቺ ጠባብ ሱቅ ግን በ2008 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ያየችውን ጉድ ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶችም አላዩም። ማስተር ፕላኑ መጣ፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ልትጠቀልል ነው የተባለ ጊዜ ገበሬው ሁሉ ከሣጥኑ ሥር ወረቀቱን እየጎተተ ወደ ጠይባ ጎረፈ። ከተፍኪ የመጣው፣ ከዓለም ገና የመጣው፣ አንዱ በጃንሆይ ጊዜ የተከፈለ የግብር ደረሰኝ፣ ሌላው በእጅ የተሳለ የድንበር ንድፍ፣ ሌላው አይጥ ግማሹን የበላችውን ውል በፌስታል ጠቅልሎ ሦስት ሦስት ቅጂ አውጪልኝ ይላል። መንገድ ሲዘጋ ሱቁ ይዘጋል፤ መንገድ ሲከፈት ሰልፉ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠይባም በዚያ ሁሉ ወረቀት መሐል ሳታስበው አንድ ነገር ተማረች፤ አሮጌ ካርታ ማንበብ።

ትምህርቱ ለአባቷ ይጠቅማል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

አባቷ ጋሽ ከድሩ የህያ አርባ ዓመት ሰበታ ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሸጡ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያቀላጥፉ፣ ለቅሶ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። በዚያ ኅዳር ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ጨው ከለከለ፣ መንገድ ከለከለ፣ ቀጥሎም ንዴት ከለከለ። ንዴትን በሐኪም ትእዛዝ መከልከል እንዴት እንደሚቻል እሱ ይወቅ። አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር ተኝተው ሳሉ ደጅ የቆሙ ጎረምሶች ሲያወሩ ሰሙ። አንደኛው "እነዚህ መጤዎች" አለ። ስለ ማን እንዳለ አልታወቀም። ልጁም ቢሆን የአባቱ መሬት ሊሄድበት ነው ተብሎ ደሙ የፈላ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? የጋሽ ከድሩን አንጀት ግን ነገሩ አቆሰለው። ምሳም አልበሉ።

ከሰዓት በኋላ ጠይባን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧትና እስከዚያ ቀን በቁንጽል ብቻ ትሰማው የነበረውን ታሪክ ከሥሩ አጫወቷት። አባታቸው የህያ ጨውና ጨርቅ በበቅሎ ጭኖ የሚነግድ ሰው ነበር። አንዴ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ፣ አንዴ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም ይወጣል። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና አገሩን ሳይለቅ፣ እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ሲጓዝ ምጥ መንገድ ላይ ያዛት። ልጁ ተወለደ፣ እናቲቱ አልተነሳችም። የህያ የአንድ ቀን ጨቅላ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ምን እንደሚያጠባው ጨንቆት ወንዝ ዳር ከአንድ የውሃ ወፍጮ ይደርሳል። ከወፍጮው በላይ አንዲት ቤት ነበረች። የቤቷ እመቤት ጠጅቱ የምትባል ክርስቲያን፣ የራሷን ልጅ ከቀበረች ሳምንት ያልሞላት፣ ገና ጡቷ ያልደረቀ ሐዘንተኛ ናት። ልጁን ከእጁ ተቀበለችው፤ የማን ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለችም። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥብታ፣ አዝላ፣ ስሙንም ሳትለውጥ ከድሩ እያለች አሳደገችው። ከዚያ የህያ መጥቶ ወሰደው፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ጅማ መንገድ ላይ ሰፈረ። ልጁ አሥር ዓመት ሳይሞላው እሱም ሞተ። ቦታው የት እንደሆነ በስሙ ሳይጠራለት ሞተ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ" አሉ ጋሽ ከድሩ። "ያቺን ሴት፣ እሷ ከሌለች ልጇን፣ ልጅም ከሌላት መቃብሯን አግኝቼ አመሰግናለሁ ማለት አለብኝ። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላልኳትም። እንዲህ ሆኜ ፈጣሪዬ ፊት ልቀርብ ነው?"

ጠይባ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር። አገኛታለሁ ብላ ቃል ገባች። ቃል መግባት ደግሞ ቀላል ነው፤ ከአፍ ነው የሚወጣው። ማታ ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን እጇ ላይ ያለው ጠጅቱ የሚል ስም፣ አንድ ወፍጮና ከሱ በላይ ያለች ቤት ብቻ ነበር። ጠጅቱ የምትባል ሴት በየመንደሩ አለች። ውሃ ወፍጮውም ናፍጣ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ፈራርሷል።

ያን ጊዜ ነው ካርታው ትዝ ያላት። አንድ የተፍኪ ሽማግሌ ለቅጂ ያመጡት አሮጌ የመንግሥት ካርታ ላይ ወንዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የጋማ ከብት መንገዱ፣ ወፍጮው ሳይቀር ምልክት ነበረው። የሱሉልታና የቡራዩም ይኖራል ብላ በነጋታው አዲስ አበባ ካርታ ወደሚሸጡበት መሥሪያ ቤት ሄደች። እዚያ ያለው ሰው በትሕትና ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪ አላት። ከየት መሥሪያ ቤት? ከምትሠሪበት። ጠይባ ሰበታ ተመልሳ ሱቋን ከፈተችና "ሠራተኛችን ወይዘሮ ጠይባ ከድሩ ለጥናት ስለምትፈልገው" የሚል ደብዳቤ ለራሷ ጻፈች፣ ራሷ ፈረመች፣ የሱቋን ማኅተም ረገጠችበት። ሰውየው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ፋይል ውስጥ ከተተ፣ ሁለቱን ካርታዎች ጠቅልሎ ሰጣት። እግዜር ይስጠው፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር።

ካርታዎቹን አባቷ አልጋ ላይ ዘረጋችላቸው። በቡራዩው ካርታ ላይ ሁለት ወፍጮ፣ በሱሉልታው ላይ አራት ወፍጮ ተመልክቷል። ስድስቱም ወንዝ ዳር ናቸው። ጋሽ ከድሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ጠይባ መንገዱን በጣቷ እየተከተለች ይኼ አምቦ መንገድ ነው፣ ይኼ ጎጃም መንገድ ነው፣ ሰማያዊው ወንዝ ነው እያለች ታስረዳለች። ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ በምን ታወቀ ብለው ጠየቋት። ከፍታው በቁጥር እንደተጻፈ፣ ውሃውም ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ እንደሚወርድ አሳየቻቸው። ይኼኔ ጋሽ ከድሩ ከትራሳቸው ቀና አሉ። አባታቸው ያንን ወንዝ ሲያነሳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ውሃው ለከተማው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። እሳቸው ግን ቁም ነገር መስሏቸው አያውቅም።

ጠይባ እንደገና አጎንብሳ አየች። የቡራዩ ውሃ ወርዶ ወርዶ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። የሱሉልታው ግን ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙገር ይነጉዳል። ለከተማው ጀርባውን የሰጠ እሱ ብቻ ነው። የቡራዩን ካርታ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ጋሽ ከድሩም በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ቡራዩን ሁለት ቀን ሙሉ በእግራቸው አስሰው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ያን ቀን ተናዘዙ። ሲመለሱም ሰው ቢጠይቃቸው ላም ጠፍታብኝ ነው ብለው ነበር።

ወፍጮ ተገኘ ማለት ባለቤቱ ተገኘ ማለት አይደለም። ለሱ ደግሞ የጋሽ ከድሩ አሮጌ ሱቅ መጋዘን አለ። ድሮ ሚስማር የሚጠቀልሉት በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ነበር። ከነዚያ አንዱ በ1961 ዓ.ም. የታተመ የንግድ ማውጫ ነው። የፊቱ ግማሽ ሚስማር ተጠቅልሎበት በየሰው ቤት ሄዷል፤ የኋላው ግማሽ አቧራ ለብሶ ተርፏል። ጠይባ በየገጹ ላይ እያስነጠሰች ስትፈልግ ዋለች። ወፍጮ ቤቶች የሚለው ክፍል ተርፎ ነበር። ይኸን ስታይ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዋን አልሐምዱሊላህ አለች። ሱሉልታ በሚለው ሥር አራት ስም ሰፍሯል፤ ካርታው ላይ ካሉት ወፍጮዎች ጋር ቁጥሩ እኩል። በየነ ጉተማ፣ ደምሴ ሁንዴ፣ ከድሩ ቶላ፣ ወርዶፋ ነገዎ።

እዚህ ላይ ጠይባ ተሳሳተች። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ሦስተኛውን ስም ሰረዘች። ጠጅቱ ክርስቲያን ናት፤ ከድሩ ደግሞ የእስላም ስም ነው፤ እንደነሱ ያለ ነጋዴ ወፍጮ ገዝቶ ይሆናል ብላ ነው። ስም አይቶ የሰውን ሃይማኖት፣ ብሔርና አገር መገመት እኛ ሁላችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንማረው፣ ማንም ሳይጠይቀን የምንሠራው ሥራ ነው። እሷም በልበ ሙሉነት ሠራችው። የቀሩትን ሦስቱን ወረቀት ላይ ገልብጣ ከማውጫው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ቀርቷል ቢባልም ሰዉ የሚያምነው አልሆነም፤ ስንት ወጣት የሞተበት ነገር በአንድ ቀን ዜና ከልብ አይወጣም። ጋሽ ከድሩ ግን መንገድ ተከፍቷል የሚለውን እንደሰሙ ኮታቸውን ለበሱ። ጠይባ ሐኪሙ ከልክሏል ብትላቸው ሐኪሙ ጡት አላጠባኝም አሏት። ምን ትበል? የጎረቤቱን የሰላሃዲንን ላዳ ተኮናትረው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ እንጦጦን ዞረው ሱሉልታ ወረዱ።

ሱሉልታ ያን ቀን ብርድ ነበር። ሜዳው ላይ የሣር ክምር፣ መንገዱ ዳር ላይ የወተት ጣሳ የተደረደረበት የማኅበር ቤት አለ። የበየነ ጉተማን ቤተሰብ ጠይቀው አገኙ፤ ጠጅቱ የምትባል ዘመድ የላቸውም። ደምሴ ሁንዴ ልጅ ሳይተካ ሞቷል አሏቸው። የወርዶፋ ነገዎ ሰዎች ከደርግ ጊዜ በኋላ አገር ለቀዋል። ጋሽ ከድሩ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሁሉንም ሰሙ። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። ጠይባ ደነገጠች፤ ሰላሃዲንን አቁም አለችውና ወርዳ፣ ምን እንደሳተች ለማየት ካርታውን የላዳው ኮፈን ላይ ዘረጋችው።

ለመሆኑ ጤነኛ ሰው በዚያ ወር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ካርታ ይዘረጋል? አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሃያ ሰው ከበባት። ቀያሾች መጡ የሚለው ወሬ ከሣር ክምር ወደ ሣር ክምር ተዛመተ። አንዱ የማን መሬት ልትለኪ ነው ይላል፤ ሌላው ለየትኛው ባለሀብት ነው ይላል። አንድ ረጅም ሰውዬ ካርታውን ከፊቷ ሰበሰበው። ጠይባ አሮጌ ነው፣ የአርባ ዓመት ካርታ ነው ብትል ማን ይስማት። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ወረቀት ዘርግቶ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ወስዶባቸው ስለሄደ ነው። ሰላሃዲን መሪውን የሙጥኝ እንዳለ ቀረ።

ይኼኔ የላዳው የኋላ በር ተከፈተ። ጋሽ ከድሩ በሩን ተደግፈው ወረዱ። በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረቡ፤ እርጋታ ያለው፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ልጆቹን የሚጠይቅ የሽማግሌ ሰላምታ ነው። ሰዉም ሰላምታ አይነፍግምና መለሰላቸው። ከዚያ መሬት ለመለካት እንዳልመጡ፣ በጨቅላነታቸው በዚህ አገር ከወፍጮ በላይ ባለች ቤት አንዲት ሴት እንዳጠባቻቸው፣ እሷን ሳያመሰግኑ መሞት እንዳቃታቸው አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሲጨርሱ እንደገና በሩን ተደገፉ። ረጅሙ ሰውዬ ካርታውን በብብቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ ክንዳቸውን ደገፈ።

ከማኅበሩ ቤት በኩል አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት የወተት ጣሳ ይዛ መጥታ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ያለምወርቅ ትባላለች፤ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ወተት የምትለካው እሷ ናት። ሰዉን በክንዷ እየከፈለች ፊታቸው መጣች።

"ሴትየዋ ማን ትባላለች?" አለች።

"ጠጅቱ።"

"እርስዎስ?"

"ከድሩ። ከድሩ የህያ።"

ያለምወርቅ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጠጅቱ አያቷ ነበረች። አባቷ ደግሞ ጠጅቱ ልጁ ከተወሰደባት በሁለተኛው ዓመት የወለደችው ነው። ስሙም ከድሩ ቶላ ይባላል።

ጠይባ ቦርሳዋን ከፍታ ማውጫውን አወጣች። ቀዩ መስመር እንደነበረ አለ። በአራቱ ስም መሐል ትክክለኛውን፣ የአባቷን ስም፣ በገዛ እጇ ሰርዛው ነበር። ዓመት ሙሉ የሚያሳፍር ነገር ነው። ግን ለማፈር ጊዜ አልነበራትም፤ ያለምወርቅ የጋሽ ከድሩን ክንድ ይዛ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወደ ዳገቱ መንገድ ጀምራለች። ረጅሙ ሰውዬ ካርታውን በሥርዓት አጥፎ ለጠይባ መለሰላትና እሱም ተከተለ። የሚገርመው ከሃያው ሰው አንድም ወደ ሥራው የተመለሰ የለም፤ ሁሉም አብሮ ወጣ።

ከወፍጮው የቀረው ድንጋዩ ነው። ቤቷ ግን ከበላዩ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ሆኖ፣ አለች። ኦቦ ከድሩ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አስረዋል። ልጃቸው ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጥለው ተነሡ። ሁለቱ ከድሩዎች ተቃቅፈው ቆሙ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አልታወቀም።

ቁጭ ካሉ በኋላ ነው ነገሩ የወጣው። ልጁ ሲወሰድባት ጠጅቱ እንደገና ሐዘን ተቀምጣ ነበር። ቀጥሎ ወንድ ስትወልድ ከድሩ ይባል አለች። ባሏ ቶላ ተቆጣ፤ ቄሱም ይኼ የእስላም ስም ነው፣ ሰው ምን ይላል አሏት። የክርስትና ስሙን እርስዎ ያውጡ፣ የቤት ስሙን እኔ አውጥቻለሁ ብላ እምቢ አለች። ከዚያም እስክትሞት ድረስ በጎጃም መንገድ የሚያልፈውን ጨው ነጋዴ ሁሉ እያስቆመች የህያ የሚባል ታውቃለህ ወይ ትል ነበር። የሞተችው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ጋሽ ከድሩ ይኸን ሲሰሙ የመጡበትን ተናገሩ። ዕድሜ ልካቸውን አመሰግናለሁ ሳይሏት እንደቀሩ፣ ይኼው እንደዘገዩ፣ ይቅር እንዲሏቸው ጠየቁ። ኦቦ ከድሩ እንግዳውን አንቱ አላሉም። ወንድም አንቱ አይባልም።

"አንተ ምን ታመሰግናለህ?" አሉ። "እሷ ናት ስታመሰግንህ የኖረችው። ልጄን ቀብሬ ልሞት ስል ያ ልጅ መጥቶ አነሣኝ ትል ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ስምህን ጠርታለች፤ እኔን በጠራች ቁጥር። ሰባ ሁለት ዓመት ስምህን ጠብቄልሃለሁ።"

ያለምወርቅ ሥጋ አላቀረበችም፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደማይገናኝ አውቃ ነው። ያቀረበችው የጠዋት ወተት ነው፣ አፍልታ፣ በትልቅ ኩባያ። ጋሽ ከድሩ ቢስሚላህ ብለው፣ ኦቦ ከድሩ አማትበው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠጡ። ጠይባ ይኸን እያየች ለገበሬዎቹ፣ ለካርታ ሻጩ፣ ሚስማር መጠቅለያ ሆኖ ላላለቀው መጽሐፍ፣ ለረጅሙ ሰውዬ ሳይቀር በልቧ ምስጋና ደረደረች። የሰረዘችውን ስም ደግሞ ለአባቷ አሳየቻቸው፤ ሳቁባት። ልባቸው ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየቻቸውም ነበር።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ ከበሩ ብዙ አይርቅም። ኦቦ ከድሩ እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። በሩ ላይ ጋሽ ከድሩ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ወጉ አንድ ነው። ድንጋዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ብቻ ንጹሕ ነው፣ ሣሩ ታጭዷል። ለዚህች ሰዓት ብለው ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ሲያጠኑት የሰነበቱት ንግግር ነበራቸው። ጠይባ ታውቀዋለች፤ ረጅም ነው፣ ዱዓ አለው፣ የይቅርታ ቃል አለው፣ ከላይ እስከ ታች በአክብሮት የተነገረ ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ አንድም አልወጣቸውም። ገና አፉን እንደፈታ ሕፃን በኦሮምኛ "ገለቶሚ፣ አዮ" አሉ፤ አመሰግንሻለሁ፣ እማዬ።